የሳሙናና የመጥረጊያ ጥያቄ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናዘዝ። በሃያ ሁለት ዓመት የጽሕፈት ሥራዬ ውስጥ አንድም ደብዳቤ ከባዶ ገጽ ጀምሬ አላውቅም። ዲላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ደብዳቤ ጻፊ ስባል ከዚህ በፊት የተጻፈ አንድ ደብዳቤ እከፍታለሁ፤ ራስጌው አለ፣ ቁጥርና ቀን የሚገባበት ቦታ አለ፣ የፊደሉ መጠን ተስተካክሏል፣ ግርጌው ላይ «ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ተብሎ ተዘግቷል። መሐሉን አጥፍቼ አዲሱን ጉዳይ እሞላበትና አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ አንዱ ቅጂ ወደ መዝገብ ቤት ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ውስጥ በአሮጌው ደብዳቤ ስም ይቅር አይቅር ግድም አይሰጠኝ ነበር። እኔ በሥራ ያደግሁት መዝገብ ቤት ነው፤ ለእኔ ደብዳቤ ማለት ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። የማያምነኝ ካለ አጠገቡ ያለ ቢሮ ገብቶ ጸሐፊዋን ይጠይቅ።

ባለፈው ክረምት ስለ ኮምፒውተር አያያዝ የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ለማሳያ የመረጠው የእኔን ኮምፒውተር ነበር፤ ክፋት አስቦ ሳይሆን ለበሩ የሚቀርበው እሱ ስለሆነ ነው። ስክሪኑ ሲበራ ከጀርባ ያለው የአበባ ፎቶ እስከማይታይ ድረስ በፋይል ተሸፍኖ ነበር። «አዲስ»፣ «አዲስ ሁለት»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»፣ «ይሄ ነው» የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። ከእነዚህ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። «ይሄ ነው» የሚለውን ክፈት አልኩት። ከፈተው፤ አልነበረም። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፣ እኔም አብሬ የሳቅሁ መሰልኩ፤ ውስጤ ግን ተቃጥሎ ነበር።

ያስተማረን ነገር፣ አሁን ሳስበው፣ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ለፋይል ውስጡ ያለውን የሚናገር ስም ከነቀኑ ስጡት አለ። በዓመትና በጉዳይ እየለያችሁ በየፎልደሩ አስቀምጡ፣ የሚያስፈልጋችሁን ነገር ሁለት ቦታ ያዙ፣ የማያስፈልገውን አጥፉ አለ። በመጨረሻም የጠፋው ነገር ሄዶ የሚጠራቀምበትን ቅርጫት ድፉት፣ ካልደፋችሁት ቦታ እንደያዘ ነው አለን። እስከ ቅርጫቱ ድረስ በሆዴ እሺ እያልኩ ስከተለው ቆየሁ። ቅርጫቱ ላይ ግን እጄን አወጣሁ። መዝገብ ቤት ውስጥ አንድ ፋይል የሚወገደው ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ሦስት ሰው ፈርሞበት ነው። እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ በአንድ ጣት የመንግሥት ደብዳቤ አላስወግድም አልኩት። ዳግመኛ ተሳቀ። ሰውዬው አልተቆጣም፤ እንግዲያው ቅርጫቱ ውስጥ ከትቻቸው እንድቆይ ነገረኝ።

ከተትኳቸው። አሮጌ የግዥ ጥያቄ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ያለፈበት ማስታወቂያ ሁሉ ተጠራርጎ ገባ፤ ከስምንት መቶ በላይ ነበር። የአበባው ፎቶ ከስንት ዓመት በኋላ ታየ። ጎኔ ያለችው ባልደረባዬ የራሷን ቅርጫት እዚያው ደፍታ ስትመሰገን እኔ አኩርፌ ቦርሳዬን አነሳሁ።

ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያ ልጄ ለማግባት ማሰቧን ነገረችን። አስተማሪ ናት። ልጁም ጥሩ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ባንኮ ጎቲቲ የሚባል ቀበሌ ሰዎች ናቸው፣ በአንድ ጉባኤ ሲዘምሩ ነው የተዋወቁት። ሽማግሌ ተላከ፣ እኛም በደስታ ተቀበልን። በእኛ በጌዴኦዎች ዘንድ ግን ዘር ሳይቆጠር ቀለበት የለም። የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም፤ በእናት ወገን ቢሆንም ዝምድናው ከቀረበ ሽማግሌ ዝም አይልም። መጋቢያችን እንኳ ጸሎት ከማድረጋቸው በፊት «ዘሩ ተጣርቷል?» ብለው ነው የሚጠይቁት።

የባሌ ወገን ተቆጥሮ አለፈ። የእኔ ወገን ላይ ሲደርስ ነገሩ ተያዘ። የእናቴ አያትና የልጁ አባት አያት ስማቸው አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ከይርጋጨፌ አካባቢ ናቸው ይባላል። ከልጁ ወገን በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን እያሻሹ ቆዩና፣ ሰውየው አንድ ከሆነ እነዚህ ልጆች ዘመዳሞች ናቸው አሉ። ለመጉዳት ብለው የሚናገሩ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸውም እያዘነ ነበር። የእናቴን ወገን በትክክል የሚቆጥር ሰው እንድናቀርብ ሁለት ሳምንት ሰጡን። ካላቀረብን ነገሩ በክብር ይቀራል።

ልጄ አላለቀሰችም። አለማልቀሷ ነው የጎዳኝ። በማግሥቱ ቅዳሜ የቤቱን መጋረጃ ሁሉ አውርዳ አጠበች፤ አስጥታ ስትጨርስ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና፣ «እማዬ፣ አጎትሽ ይህን ሁሉ አስጽፈውሽ አልነበር?» አለችኝ።

አስጽፈውኝ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም በእናቴ አገር በዱመርሶ ዘር በመቁጠር የታወቁ ሰው ነበሩ። ከስድስት ዓመት በፊት ዕውቀታቸው አብሯቸው እንዳይቀበር ብዬ ለመንኳቸው። ቤቴ ኮምፒውተር ስላልነበረኝ ቢሮ የሚዘጋበትን ቀን ጠበቅን፤ የመስቀል ዕለት ሆነ። እኛ ጴንጤዎች ስለሆንን ደመራ የለብንም፣ ከተማው በበዓል ላይ ሳለ እኔና አጎቴ ዘበኛውን አስከፍተን ገባን። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሳቸው በቋንቋችን በጌዴኡፋ ይነግሩኛል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብን። እያስነበቡኝ ያርሙኝ ነበር፤ ይሄኛው ከሁለተኛዋ ሚስት ነው፣ ያኛው ሳይወልድ ነው የሞተ እያሉ። ስንጨርስ ላትም ብል የማተሚያው ቀለም አልቋል። ወረቀትማ አይጥ ይበላዋል፣ እዚያው የጽሕፈት መኪናሽ ውስጥ ይቀመጥ ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። በተከታዩ ክረምት አረፉ። እኔም ነገ ዛሬ እያልኩ ሳላትመው ስድስት ዓመት ሞላ።

አንድ ስም ስላላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ነገር እንዳሉኝ ትዝ ይለኛል። ምን እንዳሉ ግን አላስታውስም። ጸሐፊ ስትጽፍ የሚሰማው ጣቷ እንጂ ጆሮዋ አይደለም። «ትዝ ይለኛል መሰለኝ» ደግሞ ሽማግሌ ፊት አይቀርብም። ባለቤቴ ሆደ ባሻ ነው፣ የልጃችን ነገር አላስቻለውምና፣ «አንቺው ጻፊውና እሳቸው ያሉት ነው በያቸው፣ ማን ያውቃል?» አለኝ። አልዋሽም፣ አንድ ሙሉ ቀን አሰብኩበት። ያስተወኝ ጨዋነት አይደለም። ሰውየው በእርግጥ አንድ ቢሆንስ? ልጄን ለገዛ ዘመዷ በገዛ እጄ መዳሬ ነው። ያ ሐሳብ ሲመጣብኝ የባሌን ምክር ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባሁ መፈለግ ጀመርኩ። መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «ዘር» ብዬ ጻፍኩ፤ የለም። «ቆጠራ» አልኩ፤ የሕዝብ ቆጠራ ማስታወቂያ መጣልኝ። «ዱመርሶ»፣ «አጎቴ»፣ «የእናቴ ወገን»፤ ምንም። ፎልደሩን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ክረምት ላይ ያን ሁሉ ሳጸዳ ከማያስፈልገው ጋር አጥፍቼው ይሆን ብዬ በቅርጫቱ ስሞች ላይም ዓይኔን አሳለፍኩ፤ ግዥ፣ ፈቃድ፣ ስብሰባ፣ ግዥ፣ ፈቃድ። ርእሰ መምህራችን ሁለት ጊዜ አሞሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ረቡዕ ላይ ተስፋዬ ተሟጠጠ። አሠልጣኙ የተናገረው ሁሉ አንድ በአንድ እየመጣ ያፌዝብኝ ጀመር፤ ስም ስጡት ብሎ ነበር፣ ሁለት ቦታ ያዙት ብሎ ነበር። ራሴን እንደዚያ ሳምንት ሰድቤው አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ መጣ። ሳሙናና መጥረጊያ አልቋል፣ የግዥ ጥያቄ ጻፊልኝ አለኝ። እኔም እንደልማዴ ከክረምት ወዲህ የጻፍኩትን አንድ ደብዳቤ ከፈትኩ። መሐሉን አጠፋሁ። አዲሱን መጻፍ ጀምሬ ሁለተኛው መስመር ላይ ጣቴ ቆመ።

የመስቀል ዕለትስ እንዴት ነበር የጀመርኩት? እኔ ከባዶ ገጽ እጀምራለሁ? ከመቼ ወዲህ? አጎቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እየጠበቁኝ፣ ያገኘሁትን ደብዳቤ ከፍቼ፣ ሆዱን አጥፍቼ፣ ዘራችንን ሞልቼበት፣ በስሙ አስቀምጬዋለሁ። ሌላ ነገር ልሠራ አልችልም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ስለዚህ በዘር ስም ብፈልገው እስከ ምጽአት አላገኘውም። አንድ ደብዳቤ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። የዚያ ዘመን ደብዳቤዎች ደግሞ ሁሉም ቅርጫት ውስጥ ናቸው። እጄን ወደ ማውዙ ስሰድ መብራት ጠፋ።

ጨለማው ስክሪን ፊት ተቀምጬ ሳለ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ቅርጫቱን ያየሁት ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ከሰዓት እኔ ለጉዳይ ስወጣ ባልደረባዬ የእሷ ኮምፒውተር አልነሳ ብሏት በእኔ ስትሠራ ነበር። ሥልጠናውን ከወሰደች ወዲህ ቅርጫት ሳትደፋ ከወንበር የማትነሳ ሴት ናት። ምሳ ወጥታ ስለነበር ደወልኩላት። ሰላምታውን ትቼ የእኔን ቅርጫት ደፍታው እንደሆነ ጠየቅኋት። አንድ ቅርጫት የደፋች እንደሚመስላት፣ ግን የራሷን ይሁን የእኔን እርግጠኛ እንዳልሆነች ነገረችኝ። ስልኩን ዘጋሁ።

መብራቱ ጠፍቶ ሁለት ሰዓት ቆየ። ውጭ ዝናብ ጀመረ፣ ተማሪዎች በቆርቆሮው ሥር ተጠልለው ይንጫጫሉ። ጸለይኩ። ቀጥዬ ባልደረባዬን በልቤ ወቀስኳት፣ ቀጥዬ ደግሞ የወቀስኳት እኔው በሠራሁት ጥፋት መሆኑ ገባኝና እሷን ተውኳት። መብራት ሲመጣ ያ አሮጌ ኮምፒውተር እስኪነሳ ድረስ እንደ ገበያ አህያ እየተጎተተ አስጠበቀኝ። መጀመሪያ የአበባው ፎቶ ወጣ። ቀጥሎ ከላይ በግራ በኩል ቅርጫቱ ወጣ። ያቺ ቅርጫት ባዶ ስትሆን ባዶዋን ትታያለች፤ ነገር ካለባት የተጨማደደ ወረቀት ይታይባታል። ወረቀት ይታይባት ነበር። ተመስገን አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ርእሰ መምህሩ ከክፍላቸው ብቅ ብለው አዩኝ። ባልደረባዬ ኋላ ስትነግረኝ፣ ልትደፋው ስትል ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት በሥልጠናው ላይ ያልኩት ኮሚቴ ትዝ ብሏት ነው የተወችው።

ከስምንት መቶ ውስጥ የቱ ነው? ስሙ አይረዳኝም። ቀኑ ግን ይረዳኛል። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ መስከረም አሥራ ሰባት ሴፕቴምበር ሃያ ሰባት ነው። ፋይሎቹን በተጻፉበት ቀን ቅደም ተከተል ደረደርኳቸውና ወደ ስድስት ዓመት በፊት ወረድኩ። በዚያ ቀን የተነካ አንድ ፋይል ብቻ አለ። ስሙ «የሳሙናና የመጥረጊያ ጥያቄ» ነው። በመስቀል ቀን፣ ቢሮ ተዘግቶ፣ ሳሙና የሚጠይቅ ማን ነው?

ቅርጫት ውስጥ ያለ ፋይል እዚያው እንዳለ አይከፈትም፤ መጀመሪያ ወደ ነበረበት ቦታ መመለስ አለበት። መለስኩት። ሄጄ ከፈትኩት። ከላይ የትምህርት ቤቱ ራስጌ አለ። «ጉዳዩ፦ የጽዳት ዕቃ እንዲገዛልን ስለመጠየቅ» ይላል። ከሥሩ የአጎቴ የመጀመሪያ ቃል አለ፦ «የማውቀውን እናገራለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ።» ባርኔጣቸው ሁሉ ታየኝ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ የመዳን ለቅሶ ነበር።

ከዚያ የምፈራውን ቦታ ፈልጌ አነበብኩ። ምንም ሳልነካ፣ አንድ ነጥብ ሳላርም፣ በፍላሽ አንድ ቀዳሁ፣ ለራሴና ለልጄ በኢሜይል ላክሁ፣ ሦስት ኮፒ አተምኩ። የማተሚያው ቀለም በዚያ ቀን ነበረ፤ ይህንንም ከእግዚአብሔር ቆጠርኩት። አሠልጣኙ ሁለት ቦታ ነበር ያለው፤ እኔ ከነዋናው ሰባት አደረስኩት።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ተሰበሰቡ። ወረቀቱን ይዤ መሐላቸው ተቀመጥኩ። ሁሉም በሚገባቸው ቋንቋ እንዲሆን አማርኛውን እያየሁ፣ አጎቴ ወደተናገሩበት ወደ ጌዴኡፋ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ራስጌውንና ሳሙናውን ዘለልኩ። ወደዚያ ስም ደረስኩ፤ እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ስም ሁለት ሰዎች ነበሩ። የእኛው የዱመርሶው ነው፤ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ ግራ እግሩን እስኪሞት ድረስ ያነክስ ነበር። የባንኮ ጎቲቲው ሌላ ሰው ነው፣ ጎሳውም ሌላ ነው። እንዳታደባልቂ።»

ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። እግሩ ላይ ያለውን ድገሚልኝ አሉ። ደገምኩ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መሬት መሬት አዩ።

«የእኛ ሰው አላነከሰም» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ሆኜ ይርጋጨፌ ገበያ ሲሄድ እከተለው ነበር። ሮጬ ነው የምደርስበት።»

ከማድ ቤት በኩል አንድ ነገር ወድቆ ሲንኳኳ ተሰማ። ልጄ በሩ ሥር ቆማ ስታዳምጥ ኖሮ ክዳን ከእጇ አምልጧት ነው። የእኔማ ደስታ ዓይኔን ጋረደው። ወረቀቱን መጨረስ ስለነበረብኝ ቀጠልኩ፤ የቀሩትን ስሞች፣ የወለዱትን፣ ሳይወልዱ የሞቱትን እየጠራሁ ወረድኩ። የመጨረሻውን ሰው ጠርቼ እንኳ አንደበቴ አልቆመም። የዚያን ዕለት አጎቴን እንዳላስጠብቅ ቸኩዬ የደብዳቤውን ሆድ ብቻ ነበር ያጠፋሁት፤ ግርጌው እንዳለ ቀርቶ ነበር። ምን እንደማነብ ሳላስተውል በጌዴኡፋ አልኩት፦ ስለምታደርጉልን ትብብር አስቀድመን እናመሰግናለን።

የሠራሁት ሲገባኝ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ትልቁ ሽማግሌ ግን እሳቸውም የደፉትን ባርኔጣ ቀስ ብለው አወለቁ። ምስጋናውን ያስጻፉት አጎቴ ናቸው ብለው ነው የሰሙት።

«አሜን» አሉ። «እንተባበራለን እንጂ። አደራቸውን ሰምተናል።»

ሌሎቹም ተከትለው አሜን አሉ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን በዚያው ቀን ተቆረጠ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ፋይሉን ውስጡን የሚናገር ስም ከነቀኑ ሰጠሁት፣ የራሱ ፎልደር ከፈትኩለት፣ የትምህርት ቤቱን ራስጌና የጽዳት ዕቃውን ጉዳይ አጠፋሁለት። የመጨረሻዋን መስመር ግን እንዳለች ተውኳት።